ሥሩ ይታይ ተብሎ ስለተነቀለው የዳገታችን ምንጣፍ

ለክቡር የውበትና የተዳፋት እንክብካቤ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ በቢሮዎ በር ግራና ቀኝ እንደቆሙት የፕላስቲክ አበቦች ክረምት ከበጋ የማይጠወልግ፣ ውኃ የማይጠይቅ፣ አቧራው ብቻ አልፎ አልፎ የሚጠረግለት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔም ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ጥቂት ያመኛል፣ ሰው ፊት ቀና ብዬ መቆምም እያቃተኝ ነው። የመጀመሪያው ከዕድሜ የመጣ ስለሆነ እርስዎን አይመለከትም። ሁለተኛው ግን እኔና ጽሕፈት ቤትዎ በጋራ ያመጣነው በመሆኑ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ምክንያት ሆኖኛል።

ማንነቴን በሥራ ብዛት ዘንግተውት ሊሆን ይችላል። በጉብኝቱ ቀን ከእርስዎ በስተግራ፣ የጽሕፈት ቤቱን አርማ የያዘ ኮፍያ አድርጌ፣ በሁለት እጄ የተነቀለ ተክል ታቅፌ፣ ጥርሴን እያሳየሁ ፎቶ የተነሣሁት ሽማግሌ ነኝ። ጡረታ የወጣሁ ልብስ ሰፊ ስሆን የምኖረው ከዳገቱ ግርጌ ባለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጎረቤቶቼ «ጋሽ ምንጣፍ» ይሉኛል። ስሙን ያወጡልኝ በፍቅር ነበር፤ ዛሬም በዚያው ስም ይጠሩኛል፤ እኔ ግን በደረጃው ላይ ስሜ በተጠራ ቁጥር አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። በአደባባይ መጻፌን ከድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ «ካፈርኩ አይመልሰኝ» እንደሚባለው ሆኖብኝ ነው።

ከሕንፃችን ጀርባ ያለው ዳገት ለብዙ ዘመን ራቁቱን የኖረ ቀይ አፈር ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር አፈሩ ከውኃ ጋር እየተናደ ይወርድና ምድር ቤት ከምትኖረው ፀጉር ሠሪ ጎረቤቴ የኋላ ክፍል ይገባል። በዚያ ክፍል እናቷ ተኝተዋል። እማማ መራመድ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ዓይናቸውም ከብርሃንና ከቀለም በቀር እምብዛም አይለይም። አልጋቸው ከመስኮቱ ሥር ነው፤ የመስኮቱ ደፍ ደግሞ ከዳገቱ ግርጌ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ዝናቡ ሊጀምር ሲል አልጋቸው ከክፍሉ ወጥቶ መተላለፊያው ላይ ይዘረጋል፤ ደንበኛውም ጎረቤቱም ሰውነቱን እያጠበበ በአጠገባቸው ያልፋል፤ እሳቸውም ክረምቱን ሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይከርማሉ። «ሰው ቤት የተረሳ ሻንጣ ሆንኩ» ይላሉ። ይህን ለማስቀረት የድጋፍ ግንብ እንዲሠራልን ጽሕፈት ቤትዎን ደጋግመን ለምነን፣ ዳገቱ በጽሕፈት ቤቱ ይዞታ ውስጥ እንደማይገኝ በታላቅ ትሕትና ተነግሮናል።

ግንብ ቢጠፋ ተክል አይጠፋም ብዬ ተነሣሁ። መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ ቅጠሉ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህል፣ አበባው ሐምራዊ፣ የመጽሐፍ ስሙን የማላውቀው፣ እኛ ግን ምንጣፍ የምንለው ተክል አለ። ከአንድ የቀድሞ ደንበኛዬ ግቢ ጥቂት ሐረግ ለምኜ አመጣሁ። ክቡርነትዎ አፈር ለመንካት ጊዜ ስለማይተርፍዎ አያያዙን ባጭሩ ላስረዳ። ሐረጉ ከአንጓው ዝቅ ብሎ ይቆረጣል፤ ሥር የሚያወጣው ከአንጓው ነውና። አንጓው እርጥብ አፈር ውስጥ ይቀበራል፣ ቅጠሉ ከላይ ይቀራል። መደዳው ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ዳገቱን አግድም ይዞ ይሄዳል፤ የታችኛው መደዳ ደግሞ እንደ ጡብ አደራደር የላይኛውን ክፍተት እየደፈነ ይተከላል፤ አለዚያ ውኃ መንገድ ያገኝና ሁሉንም ይዞት ይወርዳል። አረሙ ከተክሉ ቀድሞ ስለሚበቅል በየጠዋቱ ተንበርክኮ፣ ሐረጉን ሳያነቃንቁ በጣት ጫፍ መልቀም ግድ ነው። ውኃውን ከሦስተኛ ፎቅ በጀሪካን አወርደው ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የሐረጉ ጫፍ በነፋስ እየተነሣ ከአፈር ከተለየ ሥር አይሰድም። ፀጉር ሠሪዋ ይህን ስነግራት የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን የምትይዝባቸውን ሽቦዎች በእፍኝ ዘግና ሰጠችኝ። እኔም ጨርቅ ከመስፋቴ በፊት በስፒል እንደማያይዘው፣ አንጓ አንጓውን በፀጉር ሽቦ ከዳገቱ ጋር አያያዝኩት። ሽቦው ሥራውን የሚሠራው ሥሩ እስኪይዝ ነው፤ እስኪይዝ ድረስ ደግሞ ተክሉን ማንም አይነካውም። የዚህ ተክል ሕግ ከዚህ የበዛ አይደለም።

የመጀመሪያውን ክረምት ምንም የሠራ አይመስልም፤ ያየውም ሰው ሁሉ «ሽማግሌው ጉልበቱን ጨረሰ» እያለ ያልፍ ነበር። በሁለተኛው መሳብ ጀመረ። እማማ ቀይ ብቻ በነበረው መስኮታቸው አረንጓዴ ነገር ብቅ ማለቱን ለዩና ሲነጋ ልጃቸውን «የት ደረሰልን?» ብለው መጠየቅ ልማድ አደረጉት። እኔም አንድ ቀን ደረቴን ነፍቼ ገባሁና «እማማ፣ ዘንድሮ ጭቃ ከዚህ ክፍል እግሩን አያስገባም፤ ቃሌ ነው» አልኳቸው። በዚህ ቃል ተማምነው ነው፣ ክቡር ሆይ፣ ዘንድሮ አልጋቸው ወደ መተላለፊያው እንዳይወጣ ያዘዙት።

እዚህ ላይ የራሴን ድርሻ ብዘል ደብዳቤዬ ግማሽ ፊት ይሆናል። ወደ ጽሕፈት ቤትዎ የሄድኩት ማንም ልኮኝ አይደለም። ፀጉር ሠሪዋ «ጋሼ፣ እስኪይዝ ይቆይ እንጂ፤ ምን አስቸኮለዎ?» ብላኛለች። እኔ ግን ሰው እንዲያይልኝ ፈለግኩ። ዕድሜ ልኬን የሰፋሁትን ልብስ ሌላ ሰው ለብሶት አምሮበት ይወጣል፣ የሚመሰገነውም እሱ ነው፤ ባረጀሁ ጊዜ አንድ ሥራ በስሜ ቢጠራልኝ ብዬ ጎመጀሁ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እያልኩ ልጆች ያሳደግኩ ሰውዬ፣ ደጃፍዎ ድረስ ሄጄ «መጥታችሁ እዩልኝ» አልኩ። መጡልኝ። ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

፩ኛ፦ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ቀይ ሳለ የማን እንደሆነ ያልታወቀው ዳገት አረንጓዴ በሆነ በሳምንቱ የጽሕፈት ቤትዎ ይዞታ መሆኑ ተረጋገጠ። ለግንብ ዓመታት ያልበቋቸው ሠራተኞች ለሰሌዳ አንድ ጠዋት በቃቸው። «ይህ ሥፍራ በጽሕፈት ቤታችን ያላሰለሰ እንክብካቤ የለማ ነው» የሚለው የብረት ሰሌዳ በዳገቱ አናት ላይ በሲሚንቶ ሲተከል ጥቂት ምንጣፍ ተነሣለት፤ እሱ እንኳ ግድ የለም፣ ለእንግዳ ቦታ መልቀቅ ያለ ነው። ተንበርክኬ አረም ስለቅም በከረምኩበት ጊዜ ሁሉ ያ ያላሰለሰ እንክብካቤ በየት በኩል ያልፍ እንደነበር ግን ሳስብ እውላለሁ። እንክብካቤ አድራጊውን ቢያውቁት ጉልበቴን እንዲያሽልኝ ይላኩልኝ።

፪ኛ፦ ስለ ማረጋገጫ ዘዴዎ አመሰግናለሁ። የመጣው ኮሚቴ እንዳስረዳን ተክሉ መጽደቁን ለማረጋገጥ መመሪያው ሥሩን ማየት ያዝዛል፤ ሥሩን ለማየት ደግሞ ይነቀላል። ከላይ አንድ፣ ከመሃል አንድ፣ ከግርጌ አንድ ናሙና። የኮሚቴው መሪ የመለኪያ ሜትር ከእጁ ስለማይለይ በሰፈሩ «ባለ ሜትሩ» የተባለው ሰው ነው፤ ጨዋነቱን እመሰክራለሁ። የነቀለውን ሐረግ ገልብጦ አየ፣ ሥሩን በጥፍሩ ነካ አደረገ፣ «ጸድቋል» ብሎ ጻፈና መንገድ ዳር ጣለው። ይህ ተክል ክንድ ለክንድ ተያይዞ የሚኖር በመሆኑ አንዱ ሲሳብ የጎረቤቱን አንጓ ይዞ ይነሣል፤ ስለዚህ ለአንድ ናሙና አንድ ጋቢ የሚሸፍነው መሬት ራቁቱን ይቀራል። በሳምንቱ የመጀመሪያው ኮሚቴ በትክክል ማረጋገጡን የሚያረጋግጥ ሌላ ኮሚቴ መጣ፤ እሱም ነቀለ። ቀጥሎ ከሌሎች ጽሕፈት ቤቶች ልምድ ሊቀስሙ የመጡ እንግዶች ነበሩ፤ ልምዱ መንቀል ነውና እነሱም በየእጃቸው እየነቀሉ ቀሰሙ።

አንድ ጊዜ «ሰው በሕይወት መኖሩን ለማወቅ ልቡ ወጥቶ አይታይም» ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። በዚያች ቅጽበት ባለ ሜትሩ ኮፍያውን አበረከተልኝ። አርማው ያማረ ነበር፣ ልኩም ለራሴ የተሰፋ ይመስላል፤ አፌን መልሼ ዘጋሁ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል፤ እኔ ጠርጥሬም ስለተመነጠርኩ በተረቱ መጽናናት አልቻልኩም።

፫ኛ፦ በጉብኝቱ ቀን ስለሰጡኝ ክብር አመሰግናለሁ፤ በዚህ ላይ ትንሽ ብረዝምብዎ ይታገሡኝ። እርስዎ ሲመጡ ዳገቱ ብል የበላው ካፖርት መስሎ ነበር። ሳይነካ የቀረው የግርጌው መደዳ፣ ከእማማ መስኮት ፊት ለፊት ያለው ብቻ ነው። ሰማዩ ከብዶ ነበር፤ ክረምቱ በር ላይ መድረሱን ያላወቀ አልነበረም። ፎቶ አንሺው የእስካሁኑ ናሙና ትንሽ ስለሆነ ሥሩ በፎቶ አይወጣም አለ፤ ብርሃኑ የሚያምረው ደግሞ ግርጌው ጋ ነው አለ። እርስዎም በዚያ በሚታወቁበት ርኅራኄ «የተከሉት አባት ራሳቸው ቢነቅሉት ያምራል» አሉ። በዙሪያችን የነበረው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እንደዚያ ሰው ወደ እኔ ዞሮ አያውቅም። ያ መደዳ ለምን እንደተተከለ ከቆምነው ሁሉ አብልጬ አውቅ ነበር፤ «ይህስ ይቅር» ማለት ነበረብኝ፤ ሁለት ቃል ነው። ተንበረከክሁና ነቀልኩ። የፀጉር ሽቦዎቹ ተራ በተራ ከአፈሩ ሲወጡ የሚያሰሙትን ድምፅ እርስዎ በጭብጨባው ምክንያት አልሰሙትም፤ ስፌት በእጅ ሲተረተር የሚሰማው ዓይነት ነው፤ እኔ የዕድሜ ልክ ሥራዬ ስለሆነ አይጠፋኝም። ከዚያ ብድግ ብዬ ሣቅሁ፤ ፎቶውም ያማረ ሆኖ ወጣ።

፬ኛ፦ ስለ ግልጽነትዎ። የማጠቃለያው ሪፖርት በሕንፃችን መግቢያ ላይ ተለጥፎልን ተክሉ «በነዋሪዎች የእንክብካቤ ጉድለት ምክንያት ሳይጸድቅ ቀርቷል» የሚለውን ሁላችንም አንብበናል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን ቁጥር የሚሰጠው ነገር አይደለም። የሪፖርቱ ማጣበቂያ ሳይደርቅ ዝናቡ መጣ። ከቀትር በኋላ ነው፤ ፀጉር ሠሪዋ ሱቋ ውስጥ ደንበኛ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር አስቀምጣ ነበር። እኔ ድምፁን ሰምቼ ደረጃውን እስክወርድ ጭቃው መስኮቱን ገፍቶ ገብቷል፤ የአልጋው እግሮች አይታዩም፤ ፍራሹ ጠጥቶ ከብዷል። እማማ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ልጃቸውን ይጠብቁ ነበር። ልጃቸው ከሱቋ በባዶ እግሯ ሮጣ መጣች፤ ከጎረቤት ጋር ተጋግዘን ከነአልጋ ልብሳቸው ተሸክመን ወደ እኔ ቤት አወጣናቸው፤ ባለቤቴም ሳሎኑን ለቀቀችላቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ኮፍያው ጭንቅላቴ ላይ እንደነበር ያወቅኩት ባለቤቴ አውልቃ ስትጥለው ነው። አፍሮ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ምድር በእርግጥ ተከፍታ ስትመጣ ግን እኔን አልፋ እሳቸው ጋ ገባች።

ፀጉር ሠሪዋ በማግስቱ ክፍሉን ስትጠርግ ከጭቃው ውስጥ ሽቦዎቿን ለቀመች። አጥባ አድርቃ በሳህን አድርጋ አመጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ወጣች። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ኖሮ ቢያንስ ይቅርታ የምልበት ቀዳዳ አገኝ ነበር።

እማማ እስካሁን እኛ ሳሎን ናቸው። ትንሽ ያስላቸዋል። የሦስተኛ ፎቅ መስኮት ሰማይ እንጂ ዳገት ስለማያሳይ አረንጓዴው የት እንደደረሰ የሚጠይቁት አሁን እኔን ነው። አንድ ጠዋት ሻይ ሳቀርብላቸው እጄን ያዙኝና «ያን ቀን፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ሲያይ፣ አንተ ብቻ ተንበርክከህ አረም ስትነቅልልኝ በመስኮቴ አይቼሃለሁ ልጄ፤ እጅህ ይባረክ» አሉኝ። ብርሃንና ቀለም ብቻ የሚለየው ዓይናቸው ያየው ይህንን ነው፤ የጎነበሰ ሰው፣ የሚነቀል ነገር። እኔም «አሜን» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየዕለቱ ይመርቁኛል፤ በየዕለቱም አሜን እላለሁ። ልጃቸው ነገሩን ሁሉ ታውቃለች፤ «ጋሼ፣ ከእርስዎ አፍ ይስሙት» ብላኛለች። ሻይ ይዤ በገባሁ ቁጥር ልነግራቸው አስባለሁ፣ ሻዩን አስቀምጬ እወጣለሁ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ጥያቄዬ ግንብ አይደለም፣ ካሣም አይደለም፣ ሌላ ኮሚቴም ፈጽሞ አይደለም። ሰሌዳዎ እንዳይነሣ እለምናለሁ። ሁሉም ኮሚቴ ፎቶ የሚነሣው ከሰሌዳው ፊት ቆሞ ስለነበር ከጀርባው ያለውን ጥግ የፈተሸ አልነበረም፤ እዚያ አንድ እፍኝ ምንጣፍ ሳይነቀል ተርፏል። ከሱ ቆርጬ የግርጌውን መደዳ እንደገና ጀምሬአለሁ፤ ሽቦዎቹም ተመልሰው አፈር ገብተዋል። እስኪይዝ ሁለት ክረምት ይፈልጋል። እማማ ወደ ክፍላቸው የሚመለሱት ከያዘ በኋላ ነው፤ እሳቸው ሁለት ክረምት ይኑራቸው አይኑራቸው የሚያረጋግጥ ኮሚቴ ግን እስካሁን አልተቋቋመም። የምለምንዎ ጽሕፈት ቤትዎ እስከዚያ ድረስ ዳገቱ የማን እንደሆነ እንደ ቀድሞው እንዳያውቅ ብቻ ነው።

ደብዳቤውንም በጋዜጣ እንዲወጣ ያደረግኩት እርስዎን ለማሳፈር ብዬ እንዳይመስልዎ፤ ያን ያህል ተስፋ አላደርግም። ፀጉር ሠሪዋ ምሽት ምሽት ጋዜጣ ለእናቷ ታነብላቸዋለች። ይህችንም እንድታነብላቸው ለምኛታለሁ። ከዚህ መሥመር ስትደርስ እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ እሆናለሁ። እማማ፣ ያን ቀን የነቀልኩት አረም አልነበረም።

ስለ ፈጥኖ ደራሽነትዎ፣ ስለ ሰሌዳዎ ውበት፣ ስለ ጭብጨባዎ ሙቀት ምስጋናዬ የበዛ፣ በፎቶው ላይ ከእርስዎ በስተግራ የምገኝ፣ የጽሕፈት ቤትዎ የቅርብ ተባባሪና እኩል ባለዕዳ፣

ከሦስተኛ ፎቅ
ጋሽ ምንጣፍ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የክትትል ኮሚቴው ተክሉ በድጋሚ መጽደቅ አለመጽደቁን ለማጣራት በቅርቡ እንደሚመጣ የሚገልጽ ማስታወቂያ በመግቢያችን ላይ ተለጥፎ አይተናል። ፀጉር ሠሪዋ በዚህ ጉዳይ የምታሳስበው አላት። የኮሚቴው አባላት ዳገቱን ከመርገጣቸው በፊት በሱቋ በኩል እንዲያልፉ ትጋብዛለች፤ ፀጉራቸው መጽደቁን በዚያው መመሪያ መሠረት ከግንባር አንድ እፍኝ፣ ከአናት አንድ እፍኝ፣ ከማጅራት አንድ እፍኝ ነቅላ፣ ሥሩን ገልብጣ አይታ ታረጋግጥላቸዋለች፤ አገልግሎቱ በነጻ ነው። ክቡርነትዎን ግን የጉብኝቱን ፎቶ ከተመለከተች በኋላ ከናሙናው ነጻ አድርጋዎታለች፤ የእርስዎ ፀጉር አለመጽደቁን ለማወቅ ኮሚቴ እንደማያስፈልግ ተናግራለች። ወንበሩ ላይ ቀድሜ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ይህን ያዘዘችኝ እሷ አይደለችም።